በጋሞ ደጋ የእማማ ዘነበችን ቤት ያነሳን ሰሞን

ብርድ የሚባል ነገር እኔን አያውቀኝም። የእንጦጦ ንፋስ አጥቦ ያሳደገኝ የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ ዳገት ደግሞ ከእናቴ ጡት ቀጥሎ የቀመስኩት ነገር ነው። ሌላው ሰው ተራራ ሲያይ ይደክመዋል፣ እኔ ተራራ ሳይ ተራራው ይደክመዋል። ይህን ሁሉ ያልኩት ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ፣ በሩን ብርድ እንዳይገባ ገርበብ አድርጌ፣ እግሬ ስር የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰክቼ ነው።

ለማያውቀኝ፣ ሰለሞን እባላለሁ። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። እድሜዬ ሃምሳን ሊደርስበት እየተጠጋ ነው፤ ሆዴ ግን ቀድሞኝ አልፎታል። ዘለቀ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ከሱቄ ጀርባ ባለች ክፍል ይሸምናል። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ፣ ገና ጢም ሳያወጣ መጥቶ እዚሁ የሸበተ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው። እኔ ስለ ሁለታችንም አወራለሁ።

አንድ ቀን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳና፣

«አገር ቤት ልሄድ ነው። የእናቴ ቤት ሊዛወር ነው» አለኝ።

«አዲስ ሠራችሁላት?»

«አይ፣ ያው ቤት ነው። ቤቱ ነው የሚሄደው።»

«ቤት በምን እግሩ ይሄዳል?»

«በሰው እግር።»

ነገሩን በትዕግስት አስረዳኝ። የእነሱ ቤት እንደ ቅርጫት ከቀርከሃ የተሸመነ ነው። በጊዜ ብዛት ምስጥ ከእግሩ ይጀምረዋል። ያን ጊዜ የተበላውን ይቆርጡና ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ምስጥ የሌለበት ቦታ ያስቀምጠዋል። የእናቱ ቤት ግን አርጅቷል፤ ሲነሳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ታላቅ ወንድሙ ካሳ ደግሞ «ይቅርብን፣ ቆርቆሮ ቤት እናቁምላት» ብሎ ቆርቆሮውን ገዝቶ ግቢ ውስጥ ደርድሮታል።

«እሷስ ምን ትላለች?»

«አባቴ የሠራላት ቤት ነው። ሙሽራ ሆና የገባችው እዚያ ነው።» መወርወሪያውን ጎኑ አስቀመጠ። «ከተሰነጠቀ ቆርቆሮው ውስጥ ትገባለች። እምቢ አትልም። በቃ፣ ገብታ ትጠፋለች።»

እኛ ሰፈር «ቤቱ ይነሳል» ከተባለ መፍረሱ ነው፤ ቤቱ ፍርስራሽ ሆኖ ይቀርና ሰው ይሄዳል። ቤትም ሰውም አብረው የሚሄዱበት አገር መኖሩን ስሰማ ምድጃዬን ነቀልኩ። «እኔም እመጣለሁ፤ አንድ ጥግ ለእኔ ያዙልኝ» አልኩት። ዘለቀ ከላይ እስከ ታች አየኝና «መንገዱን ከቻልከው» አለ።

ረቡዕ

ሌሊቱ ሳይነጋ ባለቤቴ ጽጌ በር ላይ ቆማ «ጋቢ ያዝ» አለችኝ።

«አርባ ምንጭ እኮ ነው የምሄደው! አዞ ፀሐይ የሚሞቅበት አገር ጋቢ ይዞ የሚሄድ ማን ነው?»

«ዘለቀ ይዟል።»

«ዘለቀ ሸማኔ ነው፤ ከልማድ ነው።»

ጋቢ እስከ ጣሪያ የተደረደረበትን ሱቅ ቆልፌ፣ ሁለት እጅጌ ጉርድ ሸሚዝና አንድ የፀሐይ ባርኔጣ ይዤ ወጣሁ።

አውቶቡሱ ላይ የመስኮቱን ወንበር ከዘለቀ ተከራክሬ ወሰድኩ፤ አገር ላይበት ነዋ! ዓለም ገና ሳንደርስ አገሩም እኔም መዞር ጀመርን። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ግማሽ ሎሚ አቀበሉኝና «ልጄ፣ የመጀመሪያህ ነው?» አሉኝ። በሽሮ ሜዳና በዊንጌት መካከል በታክሲ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተመላለስኩ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሎሚው ገባበት። ቡታጅራ ላይ ለምሳ ስንወርድ ሰው ሁሉ ወደ ሽሮው፣ እኔ ወደ ቧንቧው። ከሆሳዕና በኋላ የዘለቀ ትከሻ ላይ ተኛሁ። ሶዶ ስነቃ ትከሻውን አላነቃነቀም ነበር፤ እጁ ደንዝዞ በሌላው እጁ ያሸዋል። «ለምን አልቀሰቀስከኝም?» ስለው «ስትተኛ አታወራም» አለኝ።

ወደ ማታ አርባ ምንጭ ገባን። ሙቀቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ነው። ለጽጌ ደወልኩና «ላቤ እንደ ቧንቧ ነው፤ ጋቢ ይዤ ቢሆን ኖሮ አሁን ቀብሬ ላይ ነበርሽ» አልኳት። ያደርንበት ክፍል የአየር ማራገቢያ ነበረው። ድምፁ ሄሊኮፕተር ነው፣ ንፋስ ግን የለውም። የአልጋው አጎበር ደግሞ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ የወባ ትንኞቹ በተርታ የሚገቡበት በር መሰለኝ። ባለቤቱ ጠዋት ፊቴን አይቶ አዘነና ቁርሱን በነፃ ጋበዘን።

ሐሙስ

ወደ ደጋው የሚወጣው ሚኒባስ ከሙዝ ተክሉ መሃል ተነስቶ እንደ መሰላል ወደ ላይ ይታጠፋል። በመጀመሪያው መታጠፊያ «መስኮት ክፈቱ፣ አፈንን!» ያልኩት እኔ ነኝ። ከጥቂት መታጠፊያ በኋላ «መስኮት ዝጉ!» ያልኩትም እኔው ነኝ። ዶርዜ ስንወርድ ጉም መንገዱን ውጦታል። የእንጦጦ ብርድ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይገባል። የዶርዜ ብርድ የቤተሰብ ያህል ነው፤ ሳያንኳኳ ገብቶ አጥንት ላይ ይቀመጣል። እኔ በእጅጌ ጉርድ ነኝ። ባርኔጣዬን ግን አጥልቄያለሁ።

ከመንገዱ እስከ እናቱ ቤት ያለው ዳገት ለዘለቀ «እዚህች ጋ» ነው። እኔ ትንፋሽ ሲያጥረኝ እየቆምኩ አገር የማደንቅ መሰልኩ።

«ሰሎ፣ ምን እያየህ ነው?»

«ሐይቁን። እንዴት ያምራል!»

«ሐይቁ ከጀርባህ ነው። ደግሞ በጉም ተሸፍኗል።»

አንዲት ሴት ከቁመቷ የሚበልጥ የቀርከሃ ሸክም አዝላ ደረሰችብን። አልፋን ስትሄድ ዞር ብላ በቋንቋዋ የሆነ ነገር አለችኝ። ዘለቀን ጠየቅኩት። «አይዞህ፣ ሲመሽም ቢሆን ትደርሳለህ ነው ያለችህ» አለኝ።

ቤቱን ሳየው ግን እውነት ለመናገር ቆምኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ትንፋሼን ለመሰብሰብ አይደለም። ራሱን ዝቅ ያደረገ ዝሆን ይመስላል። ወደ ፊት የወጣችው መግቢያ አፍንጫው ናት፤ ከላይ ያሉት ሁለት የጭስ መውጫዎች ዓይኖቹ ናቸው። አባትየው ሲሠራው በጣም ረጅም ነበር አሉ። እግሩ በተበላ ቁጥር እየተቆረጠ እንደ ሽማግሌ እያጠረ መጥቷል።

እማማ ዘነበች ከአፍንጫው ውስጥ ብቅ አሉ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ግን ይመታል። ክንዴን ነካ አድርገው ዘለቀን ጠየቁት፦

«ጋቢ ሻጭ ያልከው ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እማ።»

«ታዲያ ጋቢው?»

ሁለታችንም መሬት አየን። ገቡና አንድ ወፍራም ጋቢ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉ። የሟች ባላቸው ነው። ሟቹ ረጅም ሰው ስለነበሩ ጫፉ ከኋላዬ ጭቃ ይጠርጋል። እንደ ነጋዴ ጥለቱን ገልበጥ አድርጌ አየሁት፤ እንዲህ ያለ እጅ ሱቄ ገብቶ አያውቅም።

ውስጡ ጨለማና ሙቀት ነው። ቤቱን ለሁለት ከሚከፍለው የቀርከሃ አጥር ወዲያ ቀይ ላም ትተነፍሳለች፤ የቤቱ ማሞቂያ እሷ ናት፣ ቆጣሪም የላትም። ግድግዳውን ስደገፍ ወደ ውጭ ሄደ፤ ደንግጬ ብድግ አልኩ። እማማ «ቤቱ ነው፣ አይጥልህም» አሉኝ። በኛ ጭቃ ቤት ግድግዳው የጎረቤትን ጠብ ቃል በቃል ያሰማል እንጂ እንዲህ አይለምጥም።

እራት ቆጮ በማርና በዳጣ ነበር። ዳጣ የደጋው ሰው በርበሬ ከነጭ ሽንኩርትና ከቅመም ጋር የሚፈጨው ነው። «እኔ ሚጥሚጣ በማንኪያ የምበላ ሰው ነኝ» ብዬ ቆጮዬን ዘፈቅኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ለጥቂት ደቂቃ አላስታውስም። ጆሮዬ ማልቀሱን አስታውሳለሁ። እማማ ማሩን ወደ እኔ ገፉልኝ፤ አልሳቁም። ላሟ ግን የሳቀች መሰለኝ።

ዓርብ

ጠዋት አባባ ሶርሳ መጡ። ቤት ሲነሳ ድምፅ የሚሰጡት፣ «አንሱ» እና «አስቀምጡ» የሚሉት እሳቸው ናቸው። በዱላቸው የቤቱን እግር ዙሪያውን ኮርኮር አደረጉ። አንዳንድ ቦታ ዱላው እንደ ቅቤ ገባ። ካሳ እጁን አጣጥፎ ይከተላቸዋል። ክፉ ሰው አይደለም ካሳ፤ ፊቱ የደከመ ሰው ፊት ነው። በአማርኛ እንድሰማለት ወደ እኔ ዞሮ፣

«ወንድሜ፣ ንገረው እስቲ። ቆርቆሮ ምን ነውር አለው? አዲስ አበባ ሁሉ ቆርቆሮ አይደለም?» አለኝ።

«ነው» አልኩ።

እማማ ከእንሰቱ መሃል ሰሙት። «ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይጮህብኛል። እዚህ ሲዘንብ ይነግረኛል» አሉ። ካሳ ወደ ቆርቆሮው ዞረ። ዘለቀ ወደ ቤቱ ዞረ። የሁለቱ ዓይን አልተገናኘም፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። አባባ ሶርሳ «ነገ እናየዋለን። ከተንቋቋ እናቆማለን፤ ከተሰነጠቀ ቆርቆሮው አለ» ብለው ሄዱ። እማማ ቀኑን ሙሉ ቤቱን እየዞሩ ሲዳስሱት ዋሉ።

አመሻሽ ላይ ለሽንት ወጣሁ። ጉሙ ወርዷል፣ ቤቱ ሁሉ ዝሆን ነው። ስመለስ በአፍንጫው ገባሁ፣ «ኧረ ብርዱ!» ብዬ እሳቱ ዳር ተቀመጥኩ። ቦታ ለቀቁልኝ። የተቀቀለ ድንች ሰጡኝ፣ በላሁ። ጎመን ጨመሩልኝ፣ በላሁ። ስለ ሽሮ ሜዳ ገበያ ረጅም ወሬ አወራሁላቸው፤ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጠገብኩ በኋላ ወደ አጥሩ ስመለከት ላሟ ጥቁር ናት። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ አንዱንም አላውቀውም። እኛ ሰፈር እንዲህ ሰው ቤት ብገባ የሚቀድመው ጩኸቱ ነው፣ ቀጥሎ ፖሊሱ። እነዚህ ግን እጄን አስታጥበው፣ ችቦ ለኩሰው፣ እስከ እማማ ዘነበች በር ሸኙኝ። በሩ ላይ ከእማማ ጋር ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሳቁ ግን እስከምተኛ አልቆመም። እማማ እራት አቀረቡልኝ። ነውር እንዳይሆን ያንንም በላሁ።

ቅዳሜ

ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። የተበላው እግር ተቆርጦ ወደቀ፤ በቤቱ ዙሪያ በውስጥም በውጭም ረጃጅም ቀርከሃ ታሰረ። ሰው ቀርከሃውን ይዞ ያነሳል፤ ከውስጥ ያሉት ቤቱን ለብሰውት ይሄዳሉ ማለት ነው። እማማ ከምድጃው ፍም በገል ይዘው ወጡና ከፍ ብሎ ወደተደለደለው አዲሱ ቦታ በሚወስደው መንገድ ላይ ከፊት ቆሙ። እሳቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ቤቱ ይከተለዋል።

ካሳ «እንግዳው አረፍ ይበል» አለ። አባባ ሶርሳ ግን «እንግዳ ከፊት ነው» ብለው የቤቱ አፍንጫ ውስጥ፣ ከሁለት ረጃጅም ጎረምሶች መሃል አቆሙኝ። ደረቴ በኩራት ሆዴን በለጠው። ጋቢውን አውልቄ መዳፌን አፋተግኩ።

አባባ ሶርሳ ጮሁ። ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ መለሰ። ቤቱ ተነፈሰ፣ ተነቃነቀ፣ ከመሬት ለቀቀ። ቤቱ ከፍ አለ፤ እኔም ከፍ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም። ጥቂት እንደተራመድን ግን አፍንጫዋ ወደ ታች ዘመመች፤ ከላዬ ቀርከሃው ቋ! ቋ! ቋ! አለ። ከውጭ የሴቶች ጩኸት ተሰማ። «አስቀምጡ!» አሉ አባባ ሶርሳ።

አስቀመጥን። ስወጣ እማማ ፍሙን እንደያዙ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። ቆርቆሮውን ያዩ ነበር።

አባባ ሶርሳ የቤቱን አፍንጫ ዳሰሱ፣ ጎተቱ፣ አሸተቱ። ከዚያ ሰውን ሁሉ ሣር ላይ አስቀመጡና ተናገሩ። ዘለቀ በጆሮዬ ተረጎመልኝ፦

«ቀርከሃው ጤነኛ ነው አሉ። ቤቱ አልታመመም። እምቢ ያለው ከእኛ መሃል ቂም የያዘ ሰው ስላለ ነው። የያዘ ይናገር፤ ሳይታረቅ ቤቱን የሚነካ የለም።»

እኛ ጋ ቢሆን መሐንዲስ ይጠራል፣ ወይም ደላላው ይሰደባል። እነሱ ግን እንጨቱን ትተው ሰዉን መረመሩ። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ካሳ ተነሳ። ቀስ ብሎ ተናገረ። ዘለቀ መተርጎሙን ቀጠለና መሃል ላይ አቆመ፤ ነገሩ ስለ እሱ ነበር። ኋላ እንደነገረኝ ካሳ ያለው ይህን ነው፦ «አንተ ጥሩ ልብስ ትልካለህ፣ እናታችን በአንተ ትመካለች። ውኃዋን የምቀዳው፣ ስትታመም የማዝላት እኔ ነኝ። በዓመት አንዴ መጥተህ ግን ቤቷ ምን ይሁን የምትለው አንተ ነህ።» ዘለቀ ተነስቶ ጥቂት ቃል መለሰ፤ እሱ መቼ ያወራል። የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጩ፣ ሰጥተው ተቀባበሉ፣ ግንባር ለግንባር ተነካኩ። እማማ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«ሌላስ?» አሉ አባባ ሶርሳ።

«እኔም አለኝ» አለ ዘለቀ፤ በአማርኛ። ወደ እኔ ዞረ። «ሰሎ፣ ገዢ ሲመጣ ‹ሸማኔዬን አዝዤ አሠራልሃለሁ› ትላለህ። ሸማኔዬ! ከግድግዳው ጀርባ እሰማለሁ እኮ። ስሜን ለአንድ ገዢ እንኳ ነግረህ አታውቅም። ስም አለኝ።»

ለሁሉ ነገር ቀልድ አላጣም። የዚያን ቀን አጣሁ። «ዘለቀ፣ ይቅር በለኝ» ብዬ ተነሳሁና እንዳየሁት ሣር ነጨሁ። አነጫጨቱን የት አውቄ፤ ከነሥሩ፣ ከነጭቃው፣ ከአንድ ትል ጋር መጣ። ካሳ «ሣር እንጂ እርሻውን ስጠው አላልንም!» ሲል ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ወደቀ። ዘለቀም ጭቃውን እንዳለ ተቀበለኝ።

አባባ ሶርሳ ግን ትክ ብለው እያዩኝ ነበር። ዘለቀ ተረጎመ፦ «እንግዳችን፣ አንተስ? በሆድህ የቀረ ነገር አለ?»

የሰው ዓይን ሁሉ ሆዴ ላይ አረፈ።

«የለም፣ አባባ» አልኩ።

ወደ ቦታችን ተመለስን። ድምፁ ተጠራ፣ ሰዉ መለሰ፣ ቤቱ እንደ ባዶ ቅርጫት ብድግ አለ። አፍንጫዋ ቀጥ እንዳለች ዳገቱን ወጣን። እማማ ፍማቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ ቤታቸው እንደ በግ ይከተላቸዋል። ሲያርፍ አንዲት ሰንበሌጥ አልተሰበረችም። ገቡ፤ እሳቱን አኖሩ፤ ወጥተው ግድግዳውን ደገፍ አሉና «ደርሰናል» አሉ።

ያን ቀን ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተዘፈነ። ካሳ ቆርቆሮውን «ለላሟ ይሆናል» ብሎ ከዘለቀ ጋር ተሸክሞ ወሰደው። አባባ ሶርሳ እርቁ ቤቱን እንዴት እንዳቀለለው ለመጣው ሁሉ ተረኩ። እማማ ዘነበች ሁለት ትከሻዬን በቅቤ ቀብተው መረቁኝ፤ «የእኔን ቤት የተሸከመ ትከሻ አይጉበጥ» አሉ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

እሁድና ሰኞ

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ተሰናብተን ወረድን፤ ሰኞ ማታ ጉለሌ ገባሁ። በመመለሻው መስኮቱን ለዘለቀ ለቀቅኩለት። አሁን ገዢ ሲመጣ «ዘለቀ የሠራው ነው፤ ከጀርባ አለ፣ ግባና ራሱን አነጋግረው» እላለሁ። ገብተው ከእሱ ጋር ይቆያሉ፤ እኔ ብቻዬን ሱቅ እጠብቃለሁ።

ስለ ቤቱ የቀረው ነገር ይህ ነው። መጀመሪያ ሲነሳ ግራና ቀኜ ያሉት ጎረምሶች ቀርከሃውን ትከሻቸው ላይ አደረጉት፤ የእነሱ ትከሻ ከአናቴ በላይ ነው። ልልቀቅ ብል ፈራሁ፤ በሁለት እጄ ሙጭጭ አልኩ፤ እግሮቼም መሬት ለቀቁ። አፍንጫዋ የዘመመችው ከእኔ ክብደት ነው። በሁለተኛው ጊዜ መዳፌን ከቀርከሃው ስር ዘርግቼ፣ ሳልነካው፣ እያቃሰትኩ አብሬ ተራመድኩ። ሁለቱ ጎረምሶች አይተውኛል፤ ነገር ግን በዚያ አገር እንግዳን «ውረድ» የሚል የለም። ያን ቤት አልተሸከምኩም። ተንጠልጥዬበት ነበር።